የደሴና የኮምቦልቻ የኃይል ማስተላለፊያ ዕቅድ፦ ከሎግ ሺት እስከ 20 ዓመት

አንድ ፋብሪካ መሬት ተረክቦ ማሽን ለማስነሳት ዓመት ተኩል ሊበቃው ይችላል። ያንን ፋብሪካ የሚመግበው ትልቅ ትራንስፎርመር ግን ጨረታ ወጥቶ፣ ተሠርቶ፣ ከወደብ ተጓጉዞና ተተክሎ ኃይል እስኪሸከም ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። አዲስ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ከጥናት እስከ ሥራ ማስጀመር ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል። የረጅም ጊዜ ዕቅድ የሚያስፈልገው ለዚህ ክፍተት ነው። ጭነቱ ከመጣ በኋላ የተጀመረ ፕሮጀክት ከተማን ለዓመታት በፈረቃ ያኖራል።

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ለዕቅድ አውጪው ጠባያቸው የማይገናኝ ሁለት ጭነቶች ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ መኖሪያ ቤትና ንግድ የበዛባት ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ በቦርከና ሸለቆ ተዘርግታ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ብረታ ብረትና ኢንዱስትሪ ፓርክ ታስተናግዳለች። ከዚህ በታች በምሳሌ የገቡት የሜጋ ዋት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ የጣቢያዎቹ ንባብ አድርገው አይውሰዷቸው። የራስዎን ንባብ በቦታቸው ይተኩ።

ዕቅዱን በሦስት ርቀት ይክፈሉት። የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በዕቃ ዝርዝር፣ በዋጋና በጨረታ ሰነድ ደረጃ የሚሠሩ ናቸው። እስከ 10 ዓመት ያለው የመስመርና የጣቢያ ምርጫ ነው፤ የትኛው ቮልቴጅ፣ ከየት ወደ የት የሚለው። ከዚያ በላይ እስከ 20 ዓመት ያለው ለመሬት ብቻ ይጠቅማል። በ15ኛው ዓመት የሚገዛውን ትራንስፎርመር ዛሬ መምረጥ ጊዜ ማባከን ነው። የሚያርፍበትን ቦታ ዛሬ አለማስከበር ግን በኋላ በገንዘብም የማይመለስ ጥፋት ነው።

ሎግ ሺቱን ማጽዳት

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ኦፕሬተሩ በየሰዓቱ ከሚሞላው ሎግ ሺት ነው። ለእያንዳንዱ ፊደር (ከጣቢያው ወደ ደንበኞች ለሚወጣ የማከፋፈያ መስመር) እና ለእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ቢያንስ የአምስት ዓመት ንባብ ይሰብስቡ፤ አምፒር፣ ሜጋ ዋት፣ ሜጋ ቫር (ሥራ የማይሠራው ግን መስመሩን የሚያጨናንቀው ኃይል)፣ ቮልቴጅ። ስካዳ (ንባብን ከርቀት በኮምፒውተር የሚሰበስብ ሥርዓት) ያለበት ጣቢያ ቢሆንም ወረቀቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚገኘው ስህተት ራሱ ትምህርት አለው።

ንባቡን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ዋናው የስህተት ምንጭ ነው። የተለመደውን አንድ ገጽ እንመልከት። የ15 ኪሎ ቮልት ፊደር ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 180 አምፒር ያሳያል፤ 5 ሰዓት ላይ 310 ይሆናል፤ ማታ ተመልሶ 180 አካባቢ ይቀመጣል። በ0.9 ፓወር ፋክተር (ከጠቅላላው ኃይል ሥራ የሚሠራው ድርሻ) 180 አምፒር 4.2 ሜጋ ዋት፣ 310 አምፒር ደግሞ 7.2 ሜጋ ዋት ነው። ችኩል ሰው «ፊደሩ በ7.2 ሜጋ ዋት ፒክ (ከፍተኛ ጭነት) አደረገ» ብሎ ይመዘግባል። የማስታወሻውን ዓምድ ያየ ግን ጎረቤት ፊደር ለጥገና ተቋርጦ ጭነቱ ወደዚህ እንደተዛወረ ያነባል። ያው 3 ሜጋ ዋት በሁለት ፊደሮች ላይ ከተቆጠረ የከተማው ፒክ በወረቀት ላይ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ የፊደሮቹን ድምር ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ከነበረው የትራንስፎርመር ንባብ ጋር ያስተያዩ። ከ3 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ምክንያቱን ሳያገኙ አይለፉት።

ሌሎቹ ደጋግመው የሚያሳስቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

- ሲቲ (ጅረትን ለመለኪያው አሳንሶ የሚሰጥ ትንሽ ትራንስፎርመር) ተቀይሮ ንባቡ የሚባዛበት ማባዣ አለመቀየሩ። 200/5 የነበረው 400/5 ሆኖ በድሮው ማባዣ መጻፍ ከቀጠለ ጭነቱ በአንድ ሌሊት በግማሽ የወረደ ይመስላል።
- ፈረቃ። ሎግ ሺት የተሰጠውን ኃይል ይናገራል፤ የተፈለገውን አይናገርም። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት የጠፋ 6 ሜጋ ዋት የሚጎትት ፊደር ካለ ያ 6 ሜጋ ዋት ወደ ፒኩ ተመልሶ መደመር አለበት። መብራት ሲመለስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን አይወሰዱ፤ ምጣዱም ፍሪጁም አንድ ላይ ስለሚነሱ ከእውነተኛው ፍላጎት በላይ ያሳያሉ።
- የጦርነቱ ወራት። የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ንባብ ከዕድገት ስሌት ይውጣ።

በመጨረሻው ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ግምት እዚህ ላይ ይሰናከላል። ጭነቱ ከጦርነቱ በፊት 28 ሜጋ ዋት የነበረ፣ በሁለት ዓመት ወርዶ 20 የደረሰ፣ ከዚያ በሌላ ሁለት ዓመት 30 የሆነ ጣቢያ እንውሰድ። ከዝቅታው ከተነሱ ዓመታዊ ዕድገቱ 22 በመቶ ይመጣል። ከ28 ተነስተው በአራቱ ዓመት ካሰሉት 1.7 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የማያስፈልግ ጣቢያ ያስገነባል፤ ሁለተኛው ተስቦ ከሄደ ደግሞ ማገገሙን የጨረሰውን ፋብሪካ ያስጨልማል። ሁለቱንም ትተው ከጦርነቱ በፊት የነበረውን አካሄድ እንደ መሠረት ይያዙ፤ ፋብሪካዎቹን አንድ በአንድ ለይተው ይደምሩ።

ደሴ በማታ፣ ኮምቦልቻ በቀን

የደሴ ፒክ የሚመጣው ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይጎትታል፤ በአንድ ጊዜ የበሩ አንድ ሺህ ምጣዶች 3.5 ሜጋ ዋት ናቸው። በበዓል ዋዜማ ይህ በግልጽ ይታያል። ወሎ ላይ ደግሞ ረመዳን አለ፤ በጾሙ ወር የሱሁር ጭነት ሌሎች ከተሞች በሚተኙበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ግድም ትንሽ ፒክ ይሠራል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ የዘንድሮን ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር በጭፍን ማወዳደር ያሳስታል። የሰዓት ጭነት ቅርጽ ሲሠሩ የረመዳንን ቀናት በተለየ ምልክት ያስቀምጡ።

ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካዎች ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራሉ፤ ሦስት ፈረቃ የሚሠራው ጨርቃ ጨርቅ ደግሞ ሌሊቱንም ይይዛል። ስለዚህ ሁለቱን ከተሞች የሚመግበውን መስመር ሲያቅዱ ፒካቸውን አይደምሩ። ደሴ በማታ 30፣ በቀን 17 ሜጋ ዋት ብትወስድ፣ ኮምቦልቻም በቀን 35፣ በማታ 24 ብትወስድ፣ የጋራ ጭነቱ በቀን 52፣ በማታ 54 ነው። መስመሩ ለ54 ይታቀዳል፤ 65 ብሎ ማቀድ በሌለ 11 ሜጋ ዋት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። የየከተማው ትራንስፎርመር ግን የራሱን ፒክ መሸከም ስላለበት ለ30 እና ለ35 ይሰላል።

የፋብሪካ ጥያቄ ለብቻው መታየት አለበት። የ10 ሜጋ ቮልት አምፒር (የጠቅላላ ኃይል መለኪያ) ማመልከቻ የ10 ሜጋ ዋት ጭነት ማለት አይደለም። ለመነሻ ያህል ሕንፃው ቆሞ የራሱን ትራንስፎርመር ያዘዘውን ሙሉ ለሙሉ፣ መሬት ብቻ የተረከበውን በግማሽ፣ ማመልከቻ ብቻ ያስገባውን ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቁጠሩት። ከዚያ ከአምስት ዓመት በፊት የቀረቡትን ማመልከቻዎች አውጥተው ዛሬ ስንት እንደሚጎትቱ ይለኩና መጠኑን በራሳችሁ ታሪክ ያስተካክሉ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም መጣ፣ ኢትዮጵያም ከአሜሪካ የአጎዋ ገበያ ዕድል ታገደች። በ2009 ዓ.ም. ሁለቱን የተነበየ የጭነት ግምት ሊኖር አይችልም ነበር። ሦስት ግምት፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ፣ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ሌላው ተለይቶ የሚሰላው ባቡሩ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተዘረጋ ነው፤ ባቡር ደግሞ ኃይል የሚወስደው በነጠላ ፌዝ ነው። መጠኑ ትልቅ ባይሆንም ሦስቱን ፌዝ ያዛባል። የመዛባቱ ፈጣን ግምት የባቡሩን ጭነት በጣቢያው የሾርት ሰርኪዩት አቅም (ሽቦዎች ሲነካኩ ጣቢያው ሊሰጥ በሚችለው ከፍተኛ ኃይል) ማካፈል ነው፤ 10 ሜጋ ቮልት አምፒር በ500 ላይ 2 በመቶ ይሰጣል፤ በተለመደው ልክ ይህ ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ የጎረቤት ፋብሪካ ሞተሮች ይግላሉ። ስለዚህ ባቡር ከደካማ የ132 ኪሎ ቮልት ባስባር (የጣቢያው መስመሮች የሚገናኙበት የጋራ ሽቦ) ይልቅ ከጠንካራው የ230 ባስባር ቢመገብ ይመረጣል፤ ጣቢያዎቹም በተለያዩ ፌዞች እየተፈራረቁ ይገናኙ።

አንድ ዕቃ ሲወድቅ መብራት እንዳይጠፋ

መለኪያው «ኤን ማይነስ ዋን» የሚባለው ነው፦ ከመስመርና ከትራንስፎርመር ማንኛውም አንዱ ቢወጣ የቀሩት ጭነቱን ይሸከሙ። ከዚህ ጋር ቮልቴጅ በመደበኛ ሁኔታ ከ5 በመቶ፣ በአደጋ ጊዜ ከ10 በመቶ እንዳይርቅ፣ የሾርት ሰርኪዩት ጅረትም ከብሬከሩ (ብልሽት ሲፈጠር መስመሩን ከሚቆርጠው ዕቃ) አቅም 90 በመቶ እንዳያልፍ ይደረግ።

ሁለት 63 ሜጋ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ያለው ጣቢያ አቅሙ 126 ነው ይባላል። ለዕቅድ ግን አቅሙ 63 ነው፤ በ0.9 ፓወር ፋክተር 56.7 ሜጋ ዋት። ዛሬ ፒኩ 40 ሜጋ ዋት ከሆነ በ5 በመቶ ዕድገት 56.7ን የሚያልፈው በስምንተኛው፣ በ8 በመቶ በአምስተኛው፣ በ11 በመቶ በአራተኛው ዓመት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ዕቅድ «ሦስተኛ ትራንስፎርመር፣ በአምስተኛው ዓመት» ብሎ ይጽፍና መሳቢያ ይገባል። ዕድገቱ ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ ያ ዓመት ትርጉም ያጣል።

በዓመት ምትክ መቀስቀሻውን በሜጋ ዋት ይጻፉ። ትራንስፎርመሩ ሦስት ዓመት ከወሰደ ትዕዛዙ የሚጀመርበትን ጭነት ወደ ኋላ ያስሉ፦ 56.7ን በሦስት ዓመት ዕድገት ያካፍሉ። በ8 በመቶ 45 ሜጋ ዋት፣ በ11 በመቶ 41.5 ሜጋ ዋት ይመጣል። ስለዚህ «ፒኩ 41.5 ሲደርስ የጨረታ ሰነድ ይዘጋጅ፣ 45 ሲደርስ ውል ይፈረም» ተብሎ ይጻፋል። ይህን የጣቢያው ኃላፊም፣ የፋይናንሱ ክፍልም ያለ ኢንጂነር ሊከታተለው ይችላል።

ከመግዛት በፊት የሚሞከር ርካሽ ነገርም አለ። ፓወር ፋክተሩ በካፓሲተር ባንክ (ሜጋ ቫርን እዚያው በሚያቀርብ ዕቃ) ከ0.9 ወደ 0.95 ከፍ ቢል ያው 63 ሜጋ ቮልት አምፒር 59.9 ሜጋ ዋት ይሸከማል። የሚያስፈልገው 10 ሜጋ ቫር ያህል ነው፤ በ8 በመቶ ዕድገት ገደቡን ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ዓመት ይገፋል። 100 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ሥራ በ10 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት ቢዘገይ 9 ሚሊዮን ብር ያህል ያድናል። ካፓሲተሩን በአንድ ትልቅ ቁራጭ አይግዙ፤ በሁለት ሦስት ደረጃ ቢከፈል ሌሊት ጭነት ሲወርድ ቮልቴጁ ከልክ በላይ አይወጣም።

መስመር ላይም ሜጋ ቫር ከሚታሰበው በላይ ይጎዳል። 100 ኪሎ ሜትር የ132 መስመር፣ በኪሎ ሜትር 0.15 ኦም ሬዚስታንስና 0.4 ኦም ሪአክታንስ ያለው፣ 40 ሜጋ ዋትና 15 ሜጋ ቫር ሲጭን መጨረሻው ላይ ቮልቴጁ በ7 በመቶ ያህል ይወርዳል። ሜጋ ቫሩን እዚያው በካፓሲተር ወደ 5 ቢያወርዱት መውረዱ 4.6 በመቶ ይሆናል። ያው መስመር፣ ያው ሜጋ ዋት፣ ግን በልክ ውስጥ።

ይህ አልበቃ ሲል ነው የቮልቴጅ ምርጫ የሚመጣው። የ132 መስመር የተፈጥሮ ጭነት (መስመሩ ሜጋ ቫር ሳይፈልግም ሳይተርፈውም የሚሸከመው) 45 ሜጋ ዋት ግድም፣ የ230 ደግሞ 135 ግድም ነው። ያንኑ ኃይል በ132 ፋንታ በ230 ቢያሻግሩት በተመሳሳይ ሽቦ የሚባክነው ኃይል ወደ ሲሶ ይወርዳል። ኮምቦልቻ የራሷ ጭነት ብቻ አይደለም የሚያልፍባት፤ የ230 መስመር ወደ አላማጣ ይወጣል፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ–ጂቡቲ ማገናኛም ከኮምቦልቻ በሰመራ በኩል እንዲሄድ የታቀደ ነው። ስለዚህ የሎድ ፍሎው (የኃይል ፍሰት) ጥናቱ ቢያንስ አራት ሁኔታ ይያዝ፦ የማታ ፒክ፣ የቀን ፒክ፣ የሌሊት ዝቅተኛ ጭነት፣ እና ወደ ጎረቤት የሚሸጠው ኃይል ሙሉ የሆነበት ሰዓት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ረጅም መስመር ባዶውን ሲቀር ቮልቴጁ ሽቅብ የሚወጣው ግን ያኔ ነው፤ ሪአክተር (ትርፉን ሜጋ ቫር የሚውጥ ዕቃ) የሚያስፈልግ መሆኑም የሚታወቀው በእሱ ነው።

ተራራው የሚጠይቀው

ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ኤሌክትሪክን የማገድ አቅሙ ያነሰ ነው። የተለመደው እርማት ከ1,000 ሜትር በላይ ያለውን ከፍታ ለ8,150 አካፍሎ 2.718ን በዚያ ውጤት ከፍ ማድረግ ነው። ለደሴ 1.2፣ ለኮምቦልቻ 1.11 ይመጣል። በሜዳ 650 ኪሎ ቮልት የመብረቅ ግፊት መቻል የሚበቃው የ132 ዕቃ ለደሴ 780፣ ለኮምቦልቻ 720 ያህል ሆኖ መታዘዝ አለበት፤ የሚረዝመው የውጭው ስኒ (ኢንሱሌተር) እና የአየር ክፍተቱ ነው። የትራንስፎርመር የሙቀት ጣሪያም ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፦ በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዝ በየ400 ሜትሩ፣ በፋን ለሚቀዘቅዝ በየ250 ሜትሩ 1 ዲግሪ። በ2,500 ሜትር 3.75 እና 6 ዲግሪ ማለት ነው። ይህ በጨረታ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ አቅራቢው ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ዕቃ ቢያመጣ ጥፋቱ የሰነዱ ነው። ለሁለቱ ከተሞች መለዋወጫ በጋራ የሚገዛ ከሆነ ሁሉንም በደሴ ልክ ይዘዙ፤ ወደ ታች ይሠራል፣ ወደ ላይ አይሠራም።

መሬቱ ከአየሩ ይብሳል። በደሴ ዙሪያ ያለው ቁልቁለት የመሬት መንሸራተት የሚታወቅበት ነው። በአንድ ታወር ላይ የተሰቀሉ ሁለት መስመሮች በወረቀት ሁለት ናቸው፤ ቁልቁለቱ ሲሄድ ግን አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ በዚህ አገር «ኤን ማይነስ ዋን» ሲፈተሽ ባለሁለት መስመር ታወሩን እንደ አንድ ዕቃ ይቁጠሩት፤ ሁለተኛው መስመር በሌላ ሸንተረር ቢሄድ የሚጨምረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተገቢ ወጪ ነው።

የመስመሩን ቅኝት በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ላይ ያድርጉት። በበጋ ደረቅና ጠንካራ የሚመስለው ቦታ በክረምት እውነቱን ያወጣል፦ ግንዱ ከሥሩ ጎብጦ ጫፉ ቀጥ ያለ ዛፍ፣ አዲስ የፈለቀ ውኃ፣ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የመሬት ስንጥቅ፣ የተንጋደደ አጥር። እነዚህ የታዩበት ላይ ታወር አይተከል፤ በረጅም ርቀት ይዘለል። ዐለት ላይ የሚያርፈው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ መሬቱ ኤሌክትሪክ አይቀበልም። የታወሩ የምድር ሬዚስታንስ ከ10 ኦም በላይ ከሆነ መብረቅ ታወሩን መትቶ ወደ ሽቦው ሊዘልል ይችላል። ዘንግ በመጨመር ብቻ አይፈታም፤ ከታወሩ እግር የሚወጣ በቦይ የተቀበረ ረጅም ሽቦ ያስፈልገዋል፤ በጀቱም ላይ ይያዝ።

ባሕር ዛፍ አይረሳ። በጥቂት ዓመት 20 ሜትር ይደርሳል፤ ከክልሉ ውጭ ቆሞም ሲወድቅ መስመሩን ያገኛል። ለ132 መስመር 30፣ ለ230 ደግሞ 40 ሜትር ግድም ስፋት ሲያዝ ከዳር ያሉ ረጃጅም ዛፎች አብረው ይመዝገቡ። ለገበሬው ባሕር ዛፍ የቁጠባ ደብተሩ ነው፤ ካሳው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው መሠረት ከመቆረጡ በፊት ይከፈል። ካሳ ያልተከፈለበት አንድ ማሳ የመቶ ታወር ሥራ ያስቆማል፤ ባለማሳውም እውነት አለው።

ለወደፊት ጣቢያ ከ4 እስከ 8 ሄክታር ጠፍጣፋ መሬት በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ በስሙ ይመዝገብ። የመስመሩ መግቢያም አብሮ ይመዝገብ፤ ጣቢያው ቦታ ኖሮት መግቢያው በቤቶች የተዘጋ ከሆነ አይረዳም። ኮምቦልቻ ላይ ሜዳው ጠባብና ተፈላጊ ስለሆነ ይህ በአስቸኳይ የሚሠራ ነው። አዲስ ጣቢያ ሲሠራም ቢያንስ ሁለት ባዶ ቤይ (ለወደፊት መስመር ወይም ትራንስፎርመር የሚሆን ቦታ) ይተው።

ዕቅዱን በሕይወት ማቆየት

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ማመንጫና ማስተላለፊያው በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥር ነው። ለዕቅድ አውጪ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ጭነቱን የሚያውቀው አንዱ፣ መስመሩን የሚሠራው ሌላው ነው። ትራንስፎርመሩ ተተክሎ የሚወጣው የ33 ወይም የ15 ኪሎ ቮልት ፊደር ካልተዘረጋ ኃይሉ ጣቢያው ውስጥ ይቀራል። አንድ ሠንጠረዥ በጋራ ይያዙ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የጣቢያው ሥራ፣ ተከትሎት የሚወጣው ፊደር፣ የመቀስቀሻው ሜጋ ዋትና በሁለቱም ወገን ኃላፊነት ያለበት ክፍል ይኑር።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ክለሳው በታኅሣሥና በጥር ይሠራ፤ በሰኔ የሚወጣ ክለሳ ለቀጣዩ በጀት አይደርስም። በየክለሳው ያለፈው ዓመት ግምትና የተለካው ፒክ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ በየትኛው ፊደር ላይ እንደመጣ ተለይቶ በዚያው ገጽ ይመዝገብ። የድሮው ግምት ፋይል አይሰረዝ፤ ቀኑ ተጽፎበት ከሎግ ሺቶቹ ጋር ይቀመጥ።